አደራ ጥብቅ፣ ረዳት ሩቅ

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶች። እነሱ ሰማዩን ያነሡት ለርቀቱ ብቻ ነበር። የዘንድሮ ሰው ግን ፎቶግራፉንም፣ የባንክ ወረቀቱንም፣ የቤት ካርታውንም «ክላውድ» ላይ ይሰቅላል። ክላውድ ማለት ደመና ነው። አደራው እንደ ጥንቱ ጥብቅ ሆኖ ሳለ፣ ማስቀመጫው እውነትም ሰማይ ሆነና አረፈው!

ይህን ያሳሰበኝ የጠበቆች ነገር ነው። ዛሬ ለጠበቃ ስልክ የሚያነሣ፣ ቀጠሮ የሚመዘግብ፣ ደብዳቤ የሚተይብ ሰው የግድ በሩ ሥር መቀመጥ የለበትም። ሌላ ከተማ፣ ካስፈለገም ሌላ ክፍለ ዓለም ሆኖ በኢንተርኔት ይሠራል። ፈረንጆቹ «ቨርችዋል አሲስታንት» ይሉታል። እኛ የሩቅ ረዳት እንበለው። ለነጋዴ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ዕቃው ተሸጠ አልተሸጠ ብሎ መመዝገብ ነው። ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን የጠበቃው አይደለም። የሰው ትዳር ነው። የሰው ርስት ነው። አንዳንዴም የሰው ነፍስ ነው።

እንግዲህ ጠበቃ የሩቅ ረዳቱን በምን ይምረጥ? ጥያቄው የኢንተርኔት ዘመን ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን አሮጌ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ድሮ ሙግት የአፍ ነበር። ዳኛው ዛፍ ጥላ ሥር ወይም አደባባይ ላይ ይቀመጣል፤ ከሳሽና ተከሳሽ አደግድገው ይቆማሉ፤ «በላ ልበልሃ!» ይባባላሉ። ነገሩ ሲጋጋል በበቅሎና በማር ይወራረዳሉ። መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ ያሽሟጥጣል። አንደበት የከዳው ሰው አንደበተኛ ጠበቃ ይይዛል። መኳንንቱና ትልልቆቹ ቤቶች ደግሞ ነገራቸውን የሚከታተል ነገረ ፈጅ አላቸው። ያ ጠበቃ ጸሐፊ ምን ያደርግለታል? መዝገቡ ጭንቅላቱ፣ ብዕሩ ምላሱ ነው።

ታዲያ እምነት በምን ይጸና ነበር? በዋስ። ተሟጋች ሁሉ «ዋስ ጥራ!» ይባላል። ዋስ ጠርቶ ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር ይታሰራል፤ ኩታ ከኩታ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዞ አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ያድራል። ቁራኛ ማለት ይኸው ነው። ለዛሬ ሰው ሲነገረው ያስቃል። ግን ልብ በሉ፤ ዋስም ቁራኛም የቆሙት በአንድ ነገር ላይ ነው። ሰውየው እዚህ አለ። አገሩ ይታወቃል፣ ደጁ ይታወቃል፣ ቢጠፋ የሚጠየቅለት ሰው ይታወቃል። የሩቅ ረዳት ነገር የሚያስቸግረውም እዚሁ ላይ ነው። በስክሪን ብቻ የምናውቀውን ሰው ከማን ጋር እናቆራኘው?

ብዕርና ፍርድ መጀመሪያ የተገናኙት ላይ ላዩን፣ በቤተ መንግሥቱ በኩል ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ደግሞ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። ሁለቱን ማዕረጎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቷቸው። የፍርዱ ሰው መጠሪያው «አፍ» ነው። የጽሕፈቱ ሰው ደግሞ ማኅተም ጠባቂ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ደብዳቤ ብቻ አይጽፍም፤ ማኅተሙንም ይይዛል። ንጉሠ ነገሥቱ ያንን ሰው ሲመርጡ የእጁን ጽሕፈት ውበት ብቻ አይተው አይመስለኝም። እጁ የሚጽፈውን አፉ እንደማያወራው አውቀው ነው።

ተራው ሰው ግን ማኅተም ጠባቂ ከየት ያመጣል? ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በዚያው ዓመት የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ወጥቶ ፍርድ ቤቶች በየደረጃቸው ቆሙ። በ1940ዎቹ ጠበቆች መመዝገብ ጀመሩ። ከዚያ ሕጎቹ ተከታተሉ፤ በ1949 የወንጀለኛ መቅጫው፣ በ1952 የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ፣ በ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ፣ በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ። በመካከሉ፣ በ1956 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ከእነዚህ ሁሉ የተራውን ሰው ኑሮ በቀጥታ የነካው የመጨረሻው፣ የ1958ቱ ሕግ ይመስለኛል። ክሱ በጽሑፍ ይሁን፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን፣ ማስረጃው ተዘርዝሮ ይያያዝ አለ። በላ ልበልሃ ከአደባባይ ወርዶ ወረቀት ላይ ተጋደመ ማለት ነው። አገሩ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው የሚበዛበት አገር ነው። ያ ሕዝብ ወረቀቱን ማን ይጻፍለት?

ራፖር ጸሐፊ ነዋ! በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላውን ተክሎ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚጽፈው ሰው። ገበሬው ከደጋ ወርዶ ነገሩን ከአያቱ ጀምሮ ይተርክለታል። እሱ ግማሹን ይጥላል፣ ግማሹን ይይዛል፣ «ለክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ይጀምራል። ስንቱ ሰው ርስቱን ያዳነው በዚያ ሰው ብዕር ነው! በዘመኑ ቋንቋ እንናገር ከተባለ የመጀመሪያው የሕግ ድጋፍ ሰጪያችን እሱ ነው። ቢሮ የለው፣ ወርኃዊ ደመወዝ የለው፣ የሚከፈለው በወረቀት ልክ ነው።

ሆኖም የራፖር ጸሐፊው በርጩማ በር አልነበረውም። ተረኛው ሁሉ ከጎን ቆሞ ይሰማል። ከተረኞቹ አንዱ የባላጋራ የአክስት ልጅ ቢሆንስ? ጠዋት የከሳሽን ማመልከቻ የጻፈው ጸሐፊ ከሰዓት በኋላ የተከሳሹን መልስ ቢጽፍስ? የሚከለክለው ማን አለ! ጠበቃ ሁለቱን ወገን ልያዝ ቢል ሕጉ ያስቆመዋል። የጠበቃውን ሥራ ግማሽ የሚሠራውን ሰው ግን የጠየቀው አልነበረም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ቀጥሎ መኪናው መጣ። ኢንጂነር አያና ብሩ ገና ከጣሊያን ወረራ በፊት ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና አመቻችተው ነበር። እየዋለ እያደረ መኪናው ጠበቆች ቢሮ ገባ፤ ከመኪናው ጋርም ታይፒስቷ ገባች። የሥራ ማስታወቂያው መጀመሪያ የሚጠይቀው በደቂቃ ስንት ቃል እንደምትመታ ነው። ወረድ ብሎ ግን ሌላ መስመር አለ፤ «ተያዥ ማቅረብ የምትችል»። አያችሁ? ዋስ እንደገና መጣ! የአደባባዩ «ዋስ ጥራ» ኮትና ከረባት አድርጎ ቢሮ ገባ።

በታይፕ ዘመን ምሥጢር የሚያፈተልክበት ቀዳዳ ካርቦን ነበረ። ክስ ለፍርድ ቤቱም፣ ለተከሳሹም፣ ለራስም ቅጂ ስለሚያስፈልገው በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን ይገባል። አዲስ ካርቦን አንድ ጊዜ ተመቶበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቢጣል፣ አንሥቶ ወደ መስኮት ለያዘው ሰው ፊደሉ አንድ በአንድ ይነበባል። ጠንቃቃ ጠበቃ ካርቦኑን ያስቀድደዋል። ግዴለሹ ጠበቃ ቆሻሻውን ማን እንደሚደፋው እንኳ አያውቅም።

ከዚያ ኮምፒዩተር ቤት መጣ። «ኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ በየፍርድ ቤቱ ዙሪያ እንደ እንጉዳይ ፈላ። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ጸሐፊ መቅጠሩ ቀረና በእጁ የጻፈውን ይዞ ወደዚያ ሄደ፤ አንዳንዴም ደንበኛውን «አስተይበሽ አምጪ» ብሎ ላከ።

አንድ ጊዜ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ተያቢዋ ልጅ የጠበቃው እጅ ጽሕፈት አልነበብላት አለ። ከኮምፒዩተሩ ቀና ብላ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጮክ ብላ፣ «እናቴ፣ ይሄ ‹ይመታኝ ነበር› ነው ወይስ ‹ይመታኛል›?» አለቻት። ቤቱ ጸጥ አለ። ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ልጅ እንኳ እጁ ቆመ። ሴትየዋ ለሴኮንዶች ዝም ብላ ቆየችና፣ በማይሰማ ድምፅ፣ «ይመታኛል» አለች።

ተያቢዋ ክፉ አልነበረችም። እንዲያውም ጎበዝ ናት፤ ሥራዋን በትክክል ልትሠራ ነው የጠየቀችው፤ አንድ ግሥ ቢሳሳት ክሱ እንደሚበላሽ ገብቷታል። ጥፋቱ ያለው ከእሷ ወዲያ ነው። ያቺ ሴት ነገሯን የነገረችው ለአንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ደግሞ ጠበቃ ነው፤ ምሥጢር ቢያወጣ በሥነ ምግባር ደንቡም፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሚጠየቅ። ወረቀቱ ከቢሮው ወጥቶ ኮምፒዩተር ቤት ሲደርስ ግን ምሥጢሩ የአሥራ ምናምን ሰው ሆነ። ተተይቦ ካለቀ በኋላም እዚያው ኮምፒዩተር ላይ «ፍቺ 3» በሚል ስም ተቀምጦ ቀርቶ ይሆናል። በፍላሽ ስንቱ ሰው እንደገለበጠው ማን ያውቃል!

ለዚህ ነው በዛሬው የሩቅ ረዳት ላይ ብቻ ጣት መቀሰር የማይዋጥልኝ። «ያላየነው ሰው፣ የማናውቀው አገር» እያልን ስንፈራ፣ የምናየው ሰውና የምናውቀው ሰፈር ውስጥ ምሥጢር ተጠብቆ የኖረ ይመስል!

ጠበቆቹንም ቢሆን መኮነን ብቻ አይገባም። የኖሩበት ሥርዓት ለብቻቸው አቁሟቸው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ፈቃድ አዋጅ ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ ነው። ሁለት ሦስት ሆኖ በአንድ ድርጅት ስም መሥራት አልነበረም። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ሸልፍ። እሱ ልደታ ችሎት ውስጥ ሲሆን ቢሮው ዝግ ነው፤ ስልኩ ጠፍቷል፤ ደንበኛው በር ላይ ቆሟል። ክፍተቱን የሚሞላው ወይ የእህት ልጅ ነው፣ ወይ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው፣ ወይ በር ላይ ደንበኛ የሚያድን ደላላ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው ጠበቆች ተጣምረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው። እንግዲህ «የሕግ ድርጅት ረዳት ይቅጠር» ማለት ራሱ በእኛ አገር ገና ጥርሱን ያላወለቀ ልጅ ነው። ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ገብቶ ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ፣ የሕግ ሥራ ከቤትም ሊሠራ እንደሚችል ብዙ ሰው አይቶ ነበር። ድርጅቱና የሩቅ ሥራው ባንድ ሰሞን ደረሱብን ማለት ነው።

ይህን መንገድ ቀድመውን የሄዱት ግን ምን ገጠማቸው? እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ ያለ አንድ የጠበቆች ድርጅት በህንድ ሃይደራባድ ቢሮ ከፍቶ ሰነድ ማስነበብና ማስመዝገብ ጀመረ። የሕግ ሥራ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲሠራ እንደ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ከዚያ ህንዱም፣ ፊሊፒንሱም፣ ላቲን አሜሪካውም ገባበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ደግሞም አንዱ አገር ሲተኛ ሌላው ይሠራል።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ነገሩ ሲሰፋ እ.ኤ.አ. በ2008 መመሪያ የሚሆን አስተያየት አወጣ። ሥራን ለውጭ ሰው መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን የሥራው ኃላፊ ያው ጠበቃው ነው አለ። የሚቀጠረውን ሰው ታሪክ አጣሩ፣ የሚሠራበትን ቦታና የኮምፒዩተሩን ጥበቃ መርምሩ፣ ምሥጢር የሚያይ ከሆነ ደንበኛው ዐውቆ ይፍቀድ አለ። አስተያየቱ ቆሻሻው እንዴት እንደሚወገድ እስከ ማጣራት ድረስ ይሄዳል። እኔ ይህን ሳነብ የታወሰኝ ያ ካርቦን ነው! አራት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ይኸው ማኅበር ከሥነ ምግባር ደንቡ የአንዱን ርእስ አንድ ቃል ለወጠ። ሕግ ያልተማሩ «ረዳቶች» ይል የነበረውን «ረዳትነት» አለው። ምነው ቢሉ፣ ከእንግዲህ የሚረዳው ቢሮ ውስጥ የተቀጠረ ሰው ብቻ አይደለም። የውጭ ድርጅትም ሊሆን ይችላል፣ ሰው ያልሆነ ነገርም ሊሆን ይችላል።

ሰው ያልሆነውም ብዙ አልቆየም፤ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ፣ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ውሳኔዎቹ በምድር ላይ የሉም፤ ማሽኑ የፈጠራቸው ናቸው። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጧቸው። የተቀጣው ማሽኑ አይደለም። የፈረሙት ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም በሩቁ አለንበት። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ አማርኛ የሚናገር ደንበኛ የሚያስተናግዱ የስደተኛ ጉዳይ ጠበቆች አሉ። ደንበኛው በአማርኛ የሚናገረውን ሰምቶ፣ የልደት ወረቀቱንና የጋብቻ ወረቀቱን አንብቦ የሚያደራጅ ረዳት ከየት ይሻላል? የዋሽንግተኑ ጠበቃ ሊተኛ ሲል አዲስ አበባ ይነጋል። ማታ የላከው ሥራ ጠዋት ተሠርቶ ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛና ኮምፒዩተር ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት ይህ እንጀራ ነው። ነገር ግን የሚያነበው የጥገኝነት ጥያቄ ነው፤ ማን ለምን እንደሸሸ፣ ቤተሰቡ የት እንደቀረ የሚተርክ ወረቀት። ያ ወረቀት ተመልሶ የሚነበበው ሰውየው ሸሽቶ በወጣበት አገር ነው! ርካሽ ረዳት የሚሆነው ሰው፣ ለዚያ ደንበኛ እጅግ የሚያስፈራው ሰው ሊሆን ይችላል።

በቅርቡ አንድ የማውቀው ወጣት ጠበቃ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ድርጅት ያቋቋመ ነው፣ «ጋሼ፣ ሦስት ምርጫ አለኝ» አለኝ። አንዷ ሐዋሳ ቤቷ ሆና በሰዓት የምትሠራ ልጅ ናት። ሁለተኛው ረዳቶችን የሚያከራይ የውጭ ድርጅት ነው። ሦስተኛው ፕሮግራም ነው፤ ስልክ ይመልሳል፣ ማመልከቻ ያረቃል፣ ሻይ አይጠጣም። «የትኛው ይርከሳል?» አላለኝም፤ ሒሳቡን ጨርሶ ነው የመጣው። «የትኛው ይታመናል?» ነው ያለኝ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የነገርኩት አባቶቻችን አደባባይ ላይ ይጠይቁ የነበረውን ነው።

አንደኛ፣ ዋሱ ማነው? የሐዋሳዋን ልጅ በስሟ፣ በመታወቂያዋ፣ በተያዥዋ፣ በተፈረመ ውል ትይዛታለህ። የውጭው ድርጅት ዋስ ውሉ ነው፤ ውሉ ግን በየትኛው አገር ፍርድ ቤት ይዳኛል? ነገ ምሥጢር ቢወጣ ባሕር ተሻግረህ ትከስሳለህ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ከአገር ሲወጣ ሥርዓት አለው ይላል። ሰነድ ከመላክህ በፊት እሱን ማንበብ ያንተ ፋንታ ነው። ፕሮግራሙስ? ፕሮግራም ዋስ አይጠራም። ዋሱ አንተው ነህ።

ሁለተኛ፣ ጠዋት የማንን ጻፈ? ብዬ የራፖር ጸሐፊውን በርጩማ አነሣሁበት። በሰዓት የምትሠራ ልጅ ለሦስት ለአራት ጠበቃ ልትሠራ ትችላለች። ከአራቱ አንዱ የባላጋራህ ጠበቃ ቢሆንስ? ሳትጠይቅ አታውቅም። ስለዚህ ሥራ ከመስጠትህ በፊት የተከራካሪዎቹን ስም ብቻ ንገራት፤ «ይህን ሰው ሌላ ቦታ አውቀዋለሁ» ካለችህ መዝገቡን አታሳያት።

ሦስተኛ፣ ቀጠሮ መቁጠር ይችላል ወይ? ይህ ተራ ነገር ይመስላል። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቂያው ሁለት ዓመት ነው። የእኛ ዓመት ጳጉሜን አለው፤ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት። የእኛ 3 ሰዓት የፈረንጅ 9 ነው። ማኒላ ወይም ህንድ የተቀመጠ ጎበዝ ረዳት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚለውን ትእዛዝ በፈረንጅ 3 ሰዓት ብሎ ቢመዘግበው፣ ጠበቃው ችሎት ሳይደርስ መዝገቡ ተዘግቶ ይቆየዋል። ረዳቱ ይቅርታ ይጠይቅ ይሆናል። ደንበኛው ግን መሬቱን አጣ።

አራተኛ፣ ማን ያየዋል? ሁሉ ረዳት ሁሉን መዝገብ ማየት የለበትም። ቀጠሮ ለሚመዘግብ ሰው ቀኑና የመዝገብ ቁጥሩ ይበቃዋል፤ ሴትየዋ ለምን እንደምትፋታ ምን አገባው? ደረሰኝ ለሚጽፍ ሰው የብሩ ልክ ይበቃዋል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የመክፈቻ ቃሉ ይቀየራል። ድሮ ቁልፍ ሳይመልስ ሥራ የለቀቀ ጸሐፊ ቢኖር ቁልፉ ይለወጥ አልነበረም እንዴ?

አምስተኛው ፊርማ ነው። ረዳት ያርቃል፣ ይተይባል፣ ያደራጃል። ለደንበኛ «ትረታለህ» ወይም «ትረታበታለህ» ማለት ግን የረዳት ሥራ አይደለም፤ ዋጋ መቁረጥም፣ መፈረምም አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በታች ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ፕሮግራሙ አማርኛውን እያሳመረ የሌለ የሰበር መዝገብ ቁጥር ቢጠቅስልህና አንተ ሳታገላብጥ ብትፈርም፣ ከኒው ዮርኮቹ በምን ትለያለህ?

«እንግዲህ ሐዋሳዋን ልያዝ ማለት ነው» አለኝ እየሳቀ። ሊሆን ይችላል። ግን እሷን ስትይዝ በደንብ ክፈላት አልኩት። የራፖር ጸሐፊውን በወረቀት ልክ እየከፈልን ያኖርነው እኛው ነን፤ የሁለቱንም ወገን ወረቀት ለመጻፍ ያስገደደው ምላሱ ሳይሆን ሆዱ ነው። የአንድ ቤት አደራ እንድትጠብቅልህ የምትፈልገው ሰው ከአራት ቤት ለምና እንድትኖር ካደረግህ፣ ምሥጢሩ የሚያፈተልክበትን ቀዳዳ በገዛ እጅህ ነው የምትቦድሰው። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ መብራት ጠፍቶ ሥራ ቢያመልጣት ደመወዟን ቆርጠህ አትገላገል። ለዚያም ተዘጋጅ።

የሩቅ ረዳት መጥፎ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ብቻውን የሚሮጥ ጠበቃ ስልክ የሚያነሣለት ሰው ቢያገኝ፣ ከገጠር የመጣ ባለ ጉዳይ ዝግ በር ላይ ቆሞ አይውልም። ልጆቿን ቤት እያሳደገች በሙያዋ የምትሠራ ሴት ጠበቃ ቢሮ ሳትከራይ ደንበኛ መያዝ ትችላለች። በር ተዘግቶ የሚሠራ የሐዋሳ ልጅ፣ በር ከሌለው የኮምፒዩተር ቤት እጅግ ይሻላል። ወጪ ቢቀንስ ደግሞ፣ ጠበቃ ፈጽሞ የማይቀመስ ለሆነበት ሰው ትንሽ በር ይከፈት ይሆናል።

ብቻ አንድ ነገር በታሪካችን ሁሉ ሳይለወጥ ኖሯል። ረዳቱ ሲመረጥ የሚጠየቀው ጠበቃው ነው፤ ረዳቱም ይጠየቃል፤ ዋጋውም ይጠየቃል። ባለ ምሥጢሩ አይጠየቅም። ያንን ገበሬ «ይህ ሁሉ ተረኛ እየሰማህ ነው፤ ወዲያ ፈቀቅ ልበል?» ያለው አልነበረም። ነጠላዋን የሳበችውን ሴትም ወረቀትሽ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ ወይ ያላት የለም። እንግዲህ ጠበቃ የሩቅ ረዳት ለመያዝ ሲያስብ ከድርጅቱም፣ ከልጅቷም፣ ከፕሮግራሙም በፊት የሚያነጋግረው ሰው አለ። «ነገርሽን የሚያይ ሌላ ሰው ይኖራል፤ ስሙ እገሌ ነው፤ ያለው እዚህ ቦታ ነው፤ የሚያየው ይህን ያህል ነው። ትፈቅጃለሽ?» ይበላት። ፈቀደች እንበል፤ ደግ። «አይሆንም» ካለች ግን ያንን መዝገብ ራሱ ቁጭ ብሎ ይተይበው። ጣት አለው።